ቃልና ምት
ስለ ሂፕ ሆፕና ስለ ሬቭ ጭፈራ ዝምድና በፍኖተ ሰላም የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሰማው ሰው ከዚህ አገር አፈርና ጠባይ እጅግ የራቀ ይመስላል። ሂፕ ሆፕ የሚባለው፣ በምት ላይ የሚነገረው ግጥምና ከእርሱ ጋር የተወለደው ጭፈራ፣ የኒው ዮርክ ከተማ ፍሬ ነው፤ ሬቭ የሚባለውም በማሽን ሙዚቃ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘልቅ የብዙ ሰው ጭፈራ ከቺካጎና ከዲትሮይት ዜማ ተነሥቶ በእንግሊዝ አገር ሜዳዎች የገነነ ነው። ስለዚህ «ይህ ለጎጃም ገበሬ ምኑ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ እስከ ቡሬ ገበያ ድረስ በየሚኒባሱ፣ በየጸጉር ቤቱና በየሞባይል መሸጫው ደጃፍ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ድምፅ የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ሽማግሌው ጩኸት ነው ብሎ ሲያልፈው፣ ወጣቱም ምንጩን ሳይመረምር ሲወዛወዝበት፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ አባትና ልጅ በአንድ ድምፅ ምክንያት እንደ ባዕድ መተያየታቸው ስለማይቀር፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በትዕግሥት መመርመር የተገባ መስሎ ታየኝ።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አስቀድሞ ቢታወቅ ሐተታውን ለመከተል ይቀላልና በአጭሩ ላስቀምጠው። አንድ ምት ሳይለወጥ እየተመላለሰ ሲመታ ለሰው ልጅ ሁለት ስጦታ ይሰጠዋል፤ ለአካሉ የመጨፈሪያ ስፍራ፣ ለልቡናው ደግሞ የማሰቢያ ጊዜ። ሂፕ ሆፕና ሬቭ በአንድ ጥበብ የተወለዱ ሲሆኑ፣ አንደኛው የማሰቢያውን ጊዜ ይዞ ወደ ቃል አደላ፣ ሁለተኛው የመጨፈሪያውን ስፍራ ይዞ ወደ ማኅበር አደላ። በእኛ አገር ግን በሠርጉ ዳስም ሆነ በአዝማሪው ፊት ሁለቱ ስጦታዎች ሳይለያዩ ኖረዋል። ዛሬ ሊለያዩ ሲዳዱ በዓይናችን እያየን ስለሆነ፣ የዛሬው ንግግሬ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ልመናም ነው።

ስለ ውጭ አገር ስናገር የምጠራው ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝና ወደ መነሻው ልሂድ።

በ1973 ዓመት ኦገስት 11 ቀን፣ በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በተባለው ክፍል፣ በሰጅዊክ ጎዳና ቁጥሩ 1520 በሆነ የኪራይ ሕንፃ ውስጥ፣ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ለትምህርት መክፈቻ የሚሆን ልብስ መግዣ ገንዘብ ለማግኘት ብላ የጭፈራ ግብዣ አዘጋጀች። ሸክላ ያጫወተላት ወንድሟ ክላይቭ ካምቤል ነበር፤ ዓለም ዛሬ ዲጄ ኩል ሄርክ እያለ የሚጠራው። ይህ ልጅ በ1955 በጃማይካ በኪንግስተን ከተማ ተወልዶ በ12 ዓመቱ ወደ ብሮንክስ የመጣ ሲሆን፣ በተወለደበት አገር ታላላቅ የድምፅ ማጉያ በአደባባይ ተተክሎ ሕዝብ በሸክላ ሲጨፍር፣ በሸክላውም ላይ አንድ ተናጋሪ ቃል ሲጨምርበት እያየ ያደገ ነበር። ብሮንክስም በዚያ ዘመን ታላቅ አውራ መንገድ መካከሏን ሰንጥቆ ያለፈባት፣ ሕንፃዎቿ በእሳት እየተቃጠሉ የሚወድቁባት፣ ሥራ የጠፋባት የድሆች መኖሪያ ነበረች።

ሄርክ ጨፋሪዎቹን አተኩሮ ሲመለከት አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎቹ ዘፋኙ ሲዘፍን በመጠኑ ይወዛወዛሉ፤ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በቀረበት አጭር ጊዜ ግን ይነሸጣሉ። ያ ጊዜ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም ነበርና፣ ሄርክ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ ገዝቶ በሁለት ማጫወቻ ላይ አስቀመጠ፤ በመጀመሪያው ሸክላ ላይ የከበሮው ክፍል ሲያልቅ ሁለተኛውን ይለቅቃል፤ ሁለተኛው በሚጫወትበት ጊዜ የመጀመሪያውን በእጁ ወደ ኋላ ይመልሳል፤ እንዲህ እያፈራረቀ ጥቂት ሰከንድ የነበረውን ከበሮ ወደ ብዙ ደቂቃ አራዘመው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ግራንድማስተር ፍላሽ ደግሞ የከበሮው ክፍል የሚጀምርበትን ቦታ በሸክላው ላይ በቀለም ምልክት አድርጎበት፣ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ በዓይኑ እየቆጠረ፣ አንዱን ምት ከሌላው ጋር ሳይሰበር ማጋጠምን እንደ ሰዓት ሠሪ ጥንቃቄ ያለበት ሙያ አደረገው።

እንግዲህ ምቱ በተራዘመ ጊዜ የሆነውን ልብ በሉ። ጨፋሪው የሰውነቱን ጥበብ የሚያሳይበት ስፍራ አገኘ፤ የሄርክ ባልንጀራ ኮክ ላ ሮክም በማይክሮፎን የወዳጆቹን ስም እየጠራ፣ እያወደሰ፣ ቃል እየመታ የሚናገርበት ጊዜ አገኘ። ሂፕ ሆፕ የምንለው ግጥም የተወለደው ከዚህ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ከተጻፈ መጽሐፍ ሳይሆን፣ ከተመላለሰ ከበሮና በፊቱ ከቆመው ሰው ስም።

በዚያው በ1955 ዓመት፣ በዚያችው በብሮንክስ ፍራንኪ ናክልስ የተባለ ሌላ ልጅ ተወልዶ ነበር። እርሱ በ1977 ወደ ቺካጎ ሄዶ ዌርሃውስ በተባለ የጭፈራ ቤት ሸክላ ማጫወት በጀመረ ጊዜ፣ እንደ ሄርክ ሁሉ የሚፈልገው ጨፋሪው ሳይቋረጥበት የሚጨፍርበትን ምት ማራዘም ነበር፤ ግን ተናጋሪ አልጨመረበትም፤ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሳይታወቅ እየተሻገረ ሌሊቱን አንድ ረዥም ዘፈን አደረገው እንጂ። ሃውስ የሚባለው ሙዚቃ የመጣው ከዚህ ነው። ከቺካጎ ብዙም በማትርቀው በዲትሮይት አካባቢ ደግሞ፣ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቪን ሶንደርሰን የመኪና ፋብሪካዎች እየተዘጉ ባሉባት ከተማ ውስጥ ተቀምጠው፣ በማሽን ብቻ የሚሠራውን ቴክኖን ፈጠሩ። የሂፕ ሆፕና የሬቭ አባቶች በአንድ ዘመን፣ በአንድ ዓይነት መሣሪያ የሠሩ ጥቁር ወጣቶች ነበሩ ማለት ነው።

መሣሪያውን ካነሣሁ አይቀር በጥቂቱ ልግለጠው። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980 ዓመት ቲአር 808 የሚባል የከበሮ ማሽን አወጣ፤ ድምፁ እውነተኛ ከበሮ አይመስልም ተብሎ ተናቀ፤ 12 ሺህ ያህል ከተሠራ በኋላም በ1983 ሥራው ቆመ። የተናቀው ነገር በርካሽ ዋጋ ወደ አሮጌ ዕቃ መሸጫ በወረደ ጊዜ ግን ገንዘብ የሌላቸው ወጣቶች ገዙትና፣ እንደ ከበሮ ሳይሆን እንደ አዲስ ፍጥረት ተጠቀሙበት። በ1982 አፍሪካ ባምባታና አርተር ቤከር «ፕላኔት ሮክ» የተባለውን ዘፈን በዚህ ማሽን ሲሠሩ፣ ዜማውን የወሰዱት ክራፍትቨርክ ከተባሉት የጀርመን ሙዚቀኞች ነበር፤ የብሮንክስ ቃልና የጀርመን የማሽን ዜማ በዚያ ተጋቡ። በተከታዩ ዓመት በ1983 ሁዋን አትኪንስ ከባልንጀራው ጋር በዲትሮይት «ክሊር» የተባለውን ሲያወጣ፣ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ያዳመጠ ሰው የትኛው ሂፕ ሆፕ፣ የትኛው ቴክኖ እንደሆነ ለመለየት ይቸግረዋል። የተለያዩት ከዚያ በኋላ ነው።

መለያየታቸውም ፍጹም አልነበረም። በ1988 ጃንግል ብራዘርስ የተባሉት የኒው ዮርክ ልጆች በቶድ ቴሪ የሃውስ ምት ላይ ግጥም ተናገሩ። በዚያው ዓመት ክረምት በእንግሊዝ አገር ወጣቶች በተተዉ መጋዘኖችና በከብት ማሰማሪያ ሜዳዎች እየተሰበሰቡ እስኪነጋ መጨፈር ጀመሩ፤ ሬቭም በዚህ ስም ታወቀ። በዚያ መድረክ ከታወቁት አንዱ፣ የፕሮዲጂ ሙዚቀኞች መሪ ሊያም ሃውሌት፣ አስቀድሞ የሂፕ ሆፕ ዲጄ ነበረ፤ ሌላው ሙዚቀኛ ጎልዲም በግድግዳ ላይ የሂፕ ሆፕን ሥዕል ሲሥል ያደገ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የዝምድናቸው ምስክር የሚሆነን አንዲት ስድስት ሰከንድ ያህል የምትረዝም የከበሮ ድምፅ ናት። በ1969 ዊንስተንስ የተባሉ ሙዚቀኞች በቀረጹት «ኤመን ብራዘር» በተባለ ዘፈን መካከል ግሪጎሪ ኮልማን የተባለው ከበሮ መቺ ብቻውን ጥቂት ይመታል፤ የአሜሪካ ሂፕ ሆፕ ሠሪዎች ይህቺን ድምፅ ቆርጠው ግጥማቸውን ተናገሩባት፤ የእንግሊዝ ወጣቶች ደግሞ አፍጥነውና ሰባብረው ጃንግል የተባለውን የሬቭ ሙዚቃ ሠሩባት። አንዲት ምት ለአንዱ የቃል መቆሚያ፣ ለሌላው የጭፈራ ሜዳ ሆነች።

የእንግሊዝ መንግሥት እንኳ የምቱን መመላለስ ኃይል እንዳለው ነገር ቆጠረው። በ1992 በካስልሞርተን ሜዳ ብዙ ሺህ ሰው ተሰብስቦ ለቀናት ከጨፈረ በኋላ፣ የእንግሊዝ ፓርላማ በ1994 ባወጣው የወንጀል ሕግ ውስጥ፣ ፖሊስ ሊበትነው የሚችለውን የሌሊት ስብሰባ ሲተረጉም፣ ሙዚቃው የተደጋገመ ምት ያለበት መሆኑን በሕግ ቃል አስገባ።

ከዚህ በኋላ ወደ አገራችን ልመለስ። የጎጃም ሕዝብ ስለ ተደጋገመ ምትና ስለ ድንገተኛ ቃል ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ ሊያስተምር እንጂ።

ቅኔ ጎጃም መባሉ በከንቱ አይደለም። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ከዋድላ ጋር የሚጠራ የቅኔ ቤቶች ናቸው፤ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስና በዲማ ጉባኤ ቤቶች የተማሩ የዚሁ አገር ፍሬ ናቸው። በቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ ከጉባኤው ተለይቶ በዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል፤ ከሁለት ስንኙ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ ስምንት ስንኙ መወድስ ድረስ እየወጣ፣ ቤቱን ይመታል፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቆሞ ያሰማል፤ መምህሩም ያርመዋል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ አይደገምም፤ ለነገው ማኅሌት ሌላ መቁጠር ይገባል። መምህሩም በተራው ቆሞ ሲዘርፍ፣ ደቀ መዛሙርቱ ከአፉ እየነጠቁ ይይዛሉ። በብሮንክስ ጎዳና ላይ ሁለት ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው፣ ያልተጻፈ ግጥም በድንገት እየተናገሩ፣ ያንዱን ቃል ሌላው እየመለሰ ሲፈታተኑ ብናይ፣ ቋንቋው ባይገባንም ሙያው አይጠፋንም።

በማኅሌትም ዘንድ፣ ክብሩን ከዓለማዊ ነገር ጋር ሳልቀላቅል፣ ይህን ብቻ ልናገር። ማኅሌቱ በቁም ተጀምሮ በመቋሚያ ወደሚዘመመው ዝማሜ፣ ከዚያም ከበሮና ጸናጽል ወደሚያጅቡት መረግድ፣ በመጨረሻም ወደ ፈጣኑ ጽፋት ሲሸጋገር፣ ቃሉ ያው አንዱ ቃል ነው፤ የሚለወጠው አካሉና ምቱ ነው። አባቶቻችን ቃሉን የሚደጋግሙት ሰሚው ምስጢሩን የሚያሰላስልበት ጊዜ እንዲያገኝ ነው፤ የምት መመላለስ የልቡና ጊዜ መሆኑን ከማሽኑ ሠሪዎች አስቀድመው ያወቁ እነርሱ ናቸው።

ወደ ዓለማዊው ስንመጣ አዝማሪውን እናገኛለን። አዝማሪው መሰንቆውን ታቅፎ አንዲቱን የዜማ ሐረግ በአንዲቱ ጭራ ደጋግሞ ሲገዘግዛት ሥራ ፈትቶ የሚጫወት ይመስላል፤ ዓይኑ ግን ሥራ ላይ ነው። ማን ከማን ጋር እንደ ተቀመጠ፣ ማን አዲስ ጋቢ እንደ ለበሰ፣ ማን እንደ ከፋው፣ ማን ጠላ እንዳስጨመረ ያያል፤ ሐረጓ አራት አምስት ጊዜ ስትመላለስ ግጥሙ በልቡ ደርሶ ይወጣል። ከተቀመጡት አንዱ «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ሲሰጠው ደግሞ፣ አዝማሪው ቃሉን ሳያጎድል ተቀብሎ በዜማው ያወጣዋል፤ የተወደሰውም ተነሥቶ ብር በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ኮክ ላ ሮክ የወዳጆቹን ስም የጠራበት ጥበብና ይህ ጥበብ በሥራቸው አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው በእኛ ዘንድ ሰሚውም ቃል የመስጠት ሥልጣን ያለው መሆኑ ነው።

በሠርጉ ዳስ ደግሞ ነገሩ ወደ ፍጻሜው ይደርሳል። አንዲት ሴት ከበሮውን በጉልበቷ መካከል አድርጋ ትመታለች፤ ክቡ በጭብጨባ ይይዛታል፤ አውጪው መካከል ገብቶ ስንኝ ያወጣል፤ ተቀባዩ አዝማቹን ይመልሳል፤ አዝማቹ በሚመለስባት በዚያች አጭር ጊዜ አውጪው የሚቀጥለውን ስንኝ ያሰናዳል፤ በክቡ መካከል ያሉት ሁለት ጨፋሪዎች ደግሞ በዚያው ጊዜ ትከሻቸውን እያንቀጠቀጡ ይፋጠጣሉ። ምቱ ለእግርና ለትከሻ ስፍራ፣ ለአውጪው ጊዜ፣ ለተቀባዩ ድርሻ ይሰጣል፤ ማንም ተመልካች ሆኖ አይቀርም። ልጆቻችን በቡሄ ሆያ ሆዬ ሲሉም፣ ከመካከላቸው አንዱ ዱላውን መሬት ላይ እየመታ የባለቤቱን ስምና ግብር በግጥም ሲያወጣ፣ ይህንኑ ሥርዓት በልጅነታቸው ይማራሉ። ቃልና ምት በጎጃም እንደ ጥማድ በሬ ናቸው፤ አንዱ ሲነጠል ሌላው ብቻውን ትልም አያወጣም።

ይህን ስል የአገራችንና የውጭው ጥበብ በሐሳብ ብቻ ይመሳሰላሉ ማለቴ አይደለም፤ በሥጋም ተገናኝተዋል። ከቡሬ በጥሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ ወጥተው ወደ ምዕራብ ቢታጠፉ ቻግኒ ይደርሳሉ፤ እጅጋየሁ ሽባባው፣ ጂጂ የምንላት፣ በዚያች ከተማ ተወልዳ አደገች፤ የአገር ቤት ዜማንም በቤታቸው ከነበሩ ካህን እንደ ተማረች ራሷ ተናግራለች። በናይሮቢ ኖራ በ1998 ወደ አሜሪካ ከተሻገረች በኋላ በ2001 በስሟ የተሰየመውን አልበም ስታወጣ ሙዚቃውን ያዘጋጀላት ቢል ላስዌል ነበር። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ካላወቅን የነገሩ ታላቅነት አይገባንም። በ1983 የጃዝ ሊቅ ኸርቢ ሃንኮክ «ሮኪት» የተባለውን ሥራ ሲያወጣ፣ ከአዘጋጆቹ አንዱ ይኸው ላስዌል ነበር፤ በዚያም ግራንድሚክሰር ዲ.ኤስ.ቲ. የተባለው የብሮንክስ ዲጄ ሸክላን በእጁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየፈተገ እንደ ሙዚቃ መሣሪያ ሲጫወትበት፣ በከበሮ ማሽኑም ምት ላይ ሂፕ ሆፕና የማሽን ሙዚቃ ሳይለያዩ በአንድነት ተሰምተዋል። በጂጂም አልበም ላይ ያው ኸርቢ ሃንኮክ ተጫውቷል። ላስዌል በ2003 ደግሞ የጂጂን ድምፅ ወስዶ በረዥምና በተመላለሰ የማሽን ድምፅ ውስጥ እንደገና አዘጋጀው፤ በ2006 የወጣውም አልበሟ ስሙ «ወርቅና ሰም» የሚል ነው። የቻግኒ ዜማ፣ የብሮንክስን ሸክላና ማሽን ባጋባው እጅ ሲዳሰስ፣ በአንድ ዘፋኝ ድምፅ ውስጥ ቃልና ምት እንደገና ተገናኙ። ይህ የሆነው ጂጂ ራሷን ትታ ባዕድ ስለ መሰለች አይደለም፤ ከቤቷ ይዛ የሄደችው ዜማና የግጥም ሥርዓት ሙሉ ስለ ነበረ፣ ምንም መሣሪያ ቢያጅበው የሚጸና ስለሆነ ነው።

ሌሎችም ምሳሌዎች አሉ። በ2010 ናስ የተባለው የኒው ዮርክ ገጣሚና ዘፋኙ ዴሚያን ማርሊ በአንድነት ባወጡት አልበም የመክፈቻ ዘፈን የሙላቱ አስታጥቄን «የግሌ ትዝታ» ቆርጠው ተጠቅመውበታል። በቶሮንቶ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ በ2016 ከፈረንሳይ የሃውስ ሙዚቃ ሠሪዎች ከዳፍት ፓንክ ጋር ሠራ፤ ወላጆቹ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱት ገጣሚው አሚኔም በ2023 ከሙዚቃ ሠሪው ከካይትራናዳ ጋር ሙሉ አልበም አውጥቶ የሂፕ ሆፕን ግጥም በሃውስ ምት ላይ አስቀመጠ። በአገር ቤትም ቴዲ ዮ ጉራጌቶን ብሎ በጠራው ሥራው የጉራጌን ምት ከሂፕ ሆፕ አጋጥሟል፤ ሚካኤል ሰይፉና እንደገና ሙሉ የተባሉት ሙዚቀኞች ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ የሚሉትን፣ የአገር መሣሪያና የአገር ድምፅ በኮምፒዩተር የሚሠራበትን መንገድ ከፍተዋል፤ የሚካኤል «ዘላለም» በ2016 በኒው ዮርክ ታትሟል። ዲጄ ሆኖ የጀመረው ሮፍናን ኑሪ ደግሞ በእኛ አቆጣጠር በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበም ሲያወጣ፣ የሬቭን ምት ከአገር ዜማና ከአማርኛ ግጥም ጋር አስማምቶ እጅግ ብዙ ወጣት ሰብስቧል። በእርሱ መድረክ ላይ ያለው ወጣት የሚዘለው በምቱ ብቻ አይደለም፤ ግጥሙን በቃሉ ይዞ ከዘፋኙ ጋር ይቀባበላል፤ ይህም አውጪና ተቀባይ በአዲስ ዘመን መሣሪያ መመለሳቸው ነው።

አሁን የአባቶችን ስጋት ላንሣ፤ እውነተኛ ስጋት ነውና በንቀት ሊታለፍ አይገባውም። ሬቭ በእንግሊዝ አገር በስፋት ከተዛመተው ዕፅ ተለይቶ አልኖረም፤ በዚያም ምክንያት የሞቱ ወጣቶች አሉ። በሂፕ ሆፕም ውስጥ በመሣሪያና በገንዘብ መመካት፣ ሴትን ማዋረድ ታይቷል። ይህን የሚያደንቅ ወጣት ካለ ሊመከር ይገባዋል። ነገር ግን አባቶቼ ሆይ፣ የእኛም ፉከራና ቀረርቶ ጀግናን ለአገር ነፃነት ያነሣሣውን ያህል በመንደር መካከል ለቂምና ለደም መመላለስ ያነሣሣበት ጊዜ እንደ ነበረ ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ግን ቀረርቶን ከአገር አናጠፋም፤ ወደ በጎ እንመልሰዋለን እንጂ። ጉዳቱ የሚመጣው ከምቱ አይደለም። ምቱ የሰጠውን ጊዜ ሰው በምን እንደ ሞላው ነው መጠየቅ ያለበት፤ በሬቭ ጊዜው ባዶ ሲቀር ዕፅ ገባበት፤ በሂፕ ሆፕ ትምክህት ገባበት። በቅኔና በምስጋና፣ በተግሣጽና በጨዋታ የሞላ ጊዜ ግን ለሌላ ነገር ቦታ የለውም።

ከዚህ በመነሣት ለእናንተ ሦስት ልመና አለኝ።

የመጀመሪያው ለወጣቶች ነው። በእጃችሁ ያለው ስልክ ኩል ሄርክ በእኅቱ ግብዣ ምሽት ከነበረው መሣሪያ ሁሉ የበለጠ ድምፅ የመቅረጽና የማቀነባበር ኃይል አለው። ከመረብ ከምታወርዱት የባዕድ ከበሮ አስቀድማችሁ፣ በየገጠሩ ያሉትን አውጪዎች፣ አልቃሾች፣ ዋሽንት ነፊዎችና አዝማሪዎች በፈቃዳቸው ቅረጹ፤ የድምፃቸውን ባለቤትና የቀረጻውን ቀን ጻፉ። የእርሻ ሥራ ዜማና የደቦ ዘፈን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ አብሮ የሚያልፍ ነውና ይህ ለሌላ ጊዜ የሚቀር አይደለም።

ሁለተኛው ስለ ፍትሕ ነው። ያቺን የስድስት ሰከንድ ከበሮ የመታው ግሪጎሪ ኮልማን ድምፁ በዓለም ሁሉ በሺህ በሚቆጠሩ ዘፈኖች ውስጥ ሲሰማ ምንም ሳይከፈለው፣ በ2006 በአትላንታ ከተማ ቤት አልባ ሆኖ ሞተ። የሙዚቀኞቹ መሪ ሪቻርድ ስፔንሰርም በመዋጮ የተሰበሰበ ገንዘብ፣ 24 ሺህ ያህል የእንግሊዝ ፓውንድ፣ በእጁ የገባው በ2015 ነው። በእኛ አገር ደግሞ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የክዋኔ ባለሙያን መብት በሕግ አጽንቷል፤ ስለዚህ የአዝማሪን ድምፅ ቆርጦ በምት ላይ የሚያስቀምጥ ወጣት ፈቃድ ይጠይቅ፣ ስሙን ይጥራ፣ ካገኘውም ያካፍል። አባቶች በግንባር ላይ የለጠፉት ብር የዚህ ሥርዓት መጀመሪያ ነበር።

ሦስተኛው ለሁላችሁም ነው። በከተማ ሠርጎቻችን ዛሬ ዲጄ ይቀጠራል፤ ታላላቅ ድምፅ ማጉያ በዳሱ አፍ ይተከላል፤ ሙዚቃው ከተለቀቀ በኋላ የአውጪው ድምፅ አይሰማም፤ ከበሮውም ጥግ ይይዛል፤ ሰው ሁሉ ይጨፍራል፣ ማንም ቃል አያወጣም። የሬቭ ሜዳ ቃሉን ትቶ ምቱን ብቻ እንደ ያዘ፣ የእኛም ዳስ ወደዚያ እያዘነበለ ነው። ዲጄውን አታባሩት፤ እርሱም ባለሙያ ነው፤ ግን ከመቅጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ተዋዋሉት። ዘፋኝ የሌለበትን ምት ብቻ የሚለቅቅበት ጊዜ ይመድብ፤ በዚያ ጊዜ ማይክሮፎኑን ለአውጪው ይስጥ፤ ከበሮ መቺዋም በማጉያው አጠገብ ትቀመጥ፤ ክቡ ይግጠም፤ ስንኝ ያለው «ተቀበል» ይበል። የቅኔ ተማሪውም፣ ራፕ የሚሞክረው ልጅም፣ የሙሽራዋ አክስትም በተራ ይግቡ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አይጠየቅም፤ ፈቃድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ኩል ሄርክ በእኅቱ ግብዣ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነበር፤ ምቱን አራዘመና ለሰው ቦታ ለቀቀ። የቃሉን ሀብት በተመለከተ ግን የዚህ አገር ሰው በእጁ ያለው ከእርሱ የበለጠ ነውና፣ በሚመጣው የጥር ሠርግ በየዳሳችን እንሞክረው።